በግንባሩ የተደፋው ስልክ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጌታን ካመንኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማለዳ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ተነሥቼ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አነባለሁ፣ እጸልያለሁ፤ ስነሣ ግን ልቤ እንደተሰቀለ ነው። የጸሎት ወዳጆቼ «እምነትሽ ስለ ጎደለ ነው» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ለእግዚአብሔር ተዪው» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞርና ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። ስለ ልጆቹም ስለ ቤቱ ወጪም የምጨነቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ እርሱ መተኛቱ እንደ በደል ይታየኛል። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ደግሞ ያሳፍረኛል።

በጸሎት ሰዓቴ እንዳልረበሽ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ በግንባሩ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእህቴ ጋር የተቀያየምንበት ነገር ስላለ፣ አንዳንዴ በዚያ ሰዓት ትደውላለች። እኔስ ይቅር ብያታለሁ፤ መነጋገሩ ይቆይ ብዬ ነው እንጂ።

ፊልጵስዩስ 4፥7ን በቃሌ አውቀዋለሁ። «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም» ለሌላው ሁሉ ሲደርስ እኔን ያለፈኝ፣ እግዚአብሔር በእኔ ደስ ስላልተሰኘ ይሆን?

ዕረፍት ያጣሁ

መልስ

እህቴ፣ ባለቤትዎ ይተኛ፤ ተዉት። የጸሎት ወዳጆችዎንም በዚህ ነገር አይስሟቸው፤ ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ባለ ጊዜ በዚያ ቢኖሩ፣ እርሱንም እምነት ጎድሎህ ነው ይሉት ነበርን?

እኔን የያዘኝ ስልኩ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስዎ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ፣ እህትዎ ስትደውል ብርሃኑ በጫፉ በኩል ሾልኮ ሲታይ፣ እርስዎም አይተው እንዳላዩ ሆነው ስለ ሰላም ሲለምኑ ይታየኛል። «ይቅር ብያታለሁ» ይላሉ። ማቴዎስ 5፥23 ግን ስለ እርስዎ ቅሬታ አይናገርም፤ «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ነው የሚለው። ለመሆኑ እርሷ በእርስዎ ላይ ምን አላት? በደብዳቤዎ ውስጥ ስለዚህ አንዲት ቃል አላገኘሁም። የሚደወልለትን ስልክ የማያነሣ ሰው ይቅር አልኩ ቢል፣ እኔ በበኩሌ አላምነውም፤ ከቂሙ ጋር መኖርን ለመደ እንጂ።

በቃልዎ የሚያውቁትን ምዕራፍ ከቁጥር 7 ሳይሆን ከቁጥር 2 ይጀምሩት። ጳውሎስ በእስር ሆኖ ሲጽፍ ስለ ሰላም ከመናገሩ በፊት የተጣሉ ሁለት ሴቶችን፣ ኤዎድያንንና ሲንጤኪንን፣ በስማቸው ጠርቶ በጌታ በአንድ አሳብ እንዲስማሙ ይመክራል። ያ ደብዳቤ በጉባኤው ፊት ሲነበብ ሁለቱ ተቀምጠው የሰሙ ይመስለኛል። ይኸው ሰላም ልባችሁን «ይጠብቃል» ያለበት የግሪክ ቃል ደግሞ የዘብ ቃል ነው፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥32 የደማስቆ ከተማ በዘብ መጠበቋ የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ዘብ በበሩ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል፤ እርስዎ ግን በሩን በእህትዎ ላይ ዘግተው፣ ዘቡ ቁልፉን በውጭ እንዲጠብቅልዎ ነው የለመኑት።

እግዚአብሔር በእኔ ደስ አልተሰኘ ይሆን ላሉት ግን ቍጣዬን ልመልስ። ኢየሱስ «ሰላሜን እሰጣችኋለሁ» ያላቸው በዚያችው ሌሊት ጥለውት ለሚሸሹት ደቀ መዛሙርት ነበር፤ መሸሻቸውንም አውቆ ነው የሰጣቸው። ስለዚህ ሰላሙን ለማግኘት አስቀድሞ እርሱን ደስ ማሰኘት አለብኝ ብለው ራስዎን አያሠቃዩ። እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታብዎ ሐኪም ማየትም የእምነት ማነስ አይደለም።

ነገ ማለዳ ስልኩን ቀና አድርገው፣ ድምፁን ከፍተው ያስቀምጡት። እህትዎ ካልደወለች እርስዎ ይደውሉላት፤ የተቀያየማችሁበትን ነገር በዚያው ቀን አያንሡት፣ ስለ እናታችሁ ሁለታችሁም የምታስታውሱትን አንድ ነገር አንሥተው ይጀምሩ። ባታነሣም በሌላ ቀን ይድገሙት፤ ሮሜ 12፥18 ላይ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» የተባለው ለዚህ ነው። ጸሎቱን በመካከሉ ቢያቋርጡትም አይጨነቁ፤ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ ያለው ራሱ ጌታ ነውና፣ መጽሐፍ ቅዱሱ እንደተዘረጋ ይቆይዎታል።