ስለ ዊካ ለጠየቃችሁን

ዊካ ስለተባለው እምነት የደረሱን ደብዳቤዎች በርከት በማለታቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አጣምረናል። እኔ የዚህ እምነት ተከታይ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው እምነት ራሱ ሲያየው «አዎ፣ የእኔ ነው» በሚልበት ሁኔታ መግለጽ የጸሐፊ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዊካ ከክርስትና በፊት የነበረ፣ ጠንቋይ ተብለው በእሳት የተቃጠሉት ሴቶች በምስጢር ጠብቀው ያቆዩት ሃይማኖት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ታሪክ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ዊካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ቅርጽ የያዘ ሃይማኖት ነው። ለሕዝብ ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር (1884–1964) የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል በሆነችው በማላያ በጉምሩክ ተቆጣጣሪነት ሠርቶ በጡረታ ወደ አገሩ የተመለሰ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ በ1939 ኒው ፎረስት በተባለው የደቡብ እንግሊዝ አካባቢ በአንድ የምስጢር ማኅበር አባልነት እንደተቀበሉት ይናገር ነበር። ከ1735 ጀምሮ የቆየው የእንግሊዝ የጥንቆላ ሕግ በ1951 ሲሻር በግልጽ ለመናገር መንገድ ስላገኘ፣ በ1954 ስለ እምነቱ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

የጥንታዊነቱ ታሪክ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ማርጋሬት መሬይ የተባለች የጥንታዊት ግብፅ ታሪክ ምሁር በ1921 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በአውሮፓ በጥንቆላ የተከሰሱት ሰዎች የአንድ ጥንታዊ የአረማውያን ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ ስትል ተከራከረች። ጋርድነርም ይህን ሐሳብ ተቀብሎ የራሱን ማኅበር የዚያ ሃይማኖት ቅሪት አድርጎ አቀረበው። በኋላ የታሪክ ሰዎች የችሎቶቹን መዛግብት አንድ በአንድ ሲመረምሩ የመሬይ ሐሳብ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኘ። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ በዚህ ክስ የተገደሉት ከ40,000 እስከ 60,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ጎረቤት የጠላቸው ወይም በሥቃይ ብዛት ያልሠሩትን የተናዘዙ ተራ ክርስቲያኖች ነበሩ። በእንግሊዝማ ቅጣቱ ስቅላት እንጂ ማቃጠል አልነበረም። እነዚያን ሟቾች የማያውቁት ሃይማኖት ሰማዕታት ማድረግ ለእነርሱም ፍትሕ አይመስለኝም።

ሃይማኖቱ ወጣት መሆኑ ግን ነውር አይደለም። በ1953 ወደ ማኅበሩ የገባችው ዶሪን ቫሊየንቴ የጋርድነርን የጸሎት ጽሑፎች ስታነብ ብዙው ክፍል ስለ ምትሃት ይጽፍ ከነበረው ከእንግሊዛዊው አሌይስተር ክራውሊ ሥራዎች የተወሰደ መሆኑን ተረዳች፤ ፊት ለፊት ነገረችውና ራሷ እንደገና ጻፈችው። ዛሬ በስፋት የሚነበበው «የሴቷ አምላክ ቃል»፣ ማለትም ሴቷ አምላክ ለልጆቿ የምትናገረው ንግግር፣ በእርሷ ብዕር የተስተካከለ ነው። ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደጻፈው የሚታወቅ ጸሎት ለሚጸልየው ሰው ክብደቱ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ሰይጣንን ያመልካሉ? ቀንድ ያለው አምላክና ባለ አምስት ጫፉ ኮከብ ምንን ያመለክታሉ?

መልስ፦ ሰይጣን በዊካ ትምህርት ውስጥ ቦታ የለውም፤ የማያምኑበትን ሊያመልኩት አይችሉም። አብዛኞቹ የሚያከብሩት ከጨረቃና ከምድር ጋር የምትያያዝ ሴት አምላክንና ከፀሐይ፣ ከጫካና ከዱር አራዊት ጋር የሚያያዝ ወንድ አምላክን ነው። የወንዱ አምላክ ቀንድ የአጋዘን ወይም የፍየል ቀንድ ነው፤ ኬልቶች ከተባሉት ጥንታዊ የአውሮፓ ሕዝቦች አምላክ ከኬርኑኖስና ከግሪኮች አምላክ ከፓን ተወስዷል። ሁለቱን አማልክት በእርግጥ ያሉ አካላት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ የአንድ መለኮት ሁለት ገጾች ናቸው የሚሉ፣ የተፈጥሮ ምሳሌዎች ብቻ አድርገው የሚወስዱም አሉ። ማዕከላዊ ሥልጣንና የጸደቀ የእምነት መግለጫ ስለሌለ እነዚህ ሁሉ በአንድ ክበብ ውስጥ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ።

የኮከቡ አራት ጫፎች አራቱን ባሕርያት፣ ማለትም ምድርን፣ ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን ያመለክታሉ፤ አምስተኛው የላይኛው ጫፍ መንፈስ ነው። በአሜሪካ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1986 ዊካ የሕገ መንግሥት ጥበቃ የሚገባው ሃይማኖት መሆኑን ወስኗል፤ በ2007 ደግሞ ይኸው ኮከብ በሟች ወታደሮች መቃብር ላይ እንዲቀረጽ ተፈቅዷል። ከእምነታቸው ጋር የማይስማማ አንባቢ ባለመስማማቱ መብት አለው፤ የምጠይቀው በሚያምኑት እንጂ በማያምኑት ነገር እንዳይከሳቸው ነው።

ጥያቄ፦ በሥርዓታቸው ላይ በትክክል ምን ይደረጋል? ደም ይፈሳል?

መልስ፦ ደም አይፈስም፣ እንስሳም አይታረድም። ቤተ መቅደስ ስለሌላቸው ቦታውን በየጊዜው ራሳቸው ያዘጋጁታል። በጋርድነር ወገን ልማድ ወለሉ ላይ የሚሠመረው ክብ ወርዱ 9 ጫማ ነው። መሠዊያ የሚሆን ትንሽ ጠረጴዛ ይቀመጥና ሻማ፣ ዕጣን፣ አንድ ሳህን ውሃና ጥቂት ጨው ይደረደሩበታል። መሪዋ ጨዉን ከውሃው ትቀላቅላለች፤ በዚያ ውሃ ክቡን ዙሪያውን ትረጫለች፤ ዕጣኑንም ታዞራለች። ቀጥሎ አታሜ የሚባለውን ጥቁር እጀታ ያለው ቢላዋ ይዛ ጫፉን ወደ ውጭ አድርጋ በዝግታ ክቡን ትዞራለች። በዚህ ቢላዋ ሥጋም ሆነ ገመድ አይቆረጥበትም፤ መስመር በአየር ላይ ለማስመር ብቻ ነው። ቅጠል ወይም ክር መቁረጥ ሲያስፈልግ እጀታው ነጭ የሆነ ሌላ ቢላዋ ይነሣል።

ከዚያ ወደ አራቱ ማዕዘናት እየዞሩ ይጣራሉ፤ በምሥራቅ ነፋስን፣ በደቡብ እሳትን፣ በምዕራብ ውሃን፣ በሰሜን ምድርን። ጸሎቱና የዕለቱ ሥራ፣ ማለትም አንድን ለውጥ ለማምጣት የሚደረገው ምትሃት፣ ሲያልቅ ዳቦና ወይን ተባርኮ ይቀመሳል። በመጨረሻም የተጠሩት ሁሉ በየአቅጣጫቸው እየተመሰገኑ ይሰናበታሉ፤ ክቡም ይፈታል። ጀማሪ የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ክፍል ነው፤ የቆዩት ግን ከመክፈቱ ይልቅ ለመዝጋቱ ይጠነቀቃሉ። የጋርድነር ወገን በዚህ ሥርዓት ላይ እርቃኑን የሚቆም መሆኑን መደበቅ አልፈልግም፤ ሌሎች ብዙዎች ግን ቀሚስ ወይም የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው ያመልካሉ።

ጥያቄ፦ በዓሎቻቸው መቼ መቼ ናቸው?

መልስ፦ በዓመት ስምንት ናቸው። አራቱ የፀሐይን ጉዞ ይከተላሉ፦ ሌሊቱ እጅግ የሚረዝምበት (ዲሴምበር 21 ገደማ)፣ ቀኑ እጅግ የሚረዝምበት (ጁን 21 ገደማ)፣ እንዲሁም ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ሁለቱ ዕለታት። በእነዚህ መካከል የሙታን መታሰቢያ የሆነው ሳውን (ኦክቶበር 31)፣ ኢምቦልክ (ፌብሩዋሪ 1)፣ ቤልቴን (ሜይ 1) እና የመከር መጀመሪያ የሆነው ሉናሳ (ኦገስት 1) ይገኛሉ። ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሚኖሩ ብዙ ተከታዮች ቀኖቹን በስድስት ወር ያዛውሯቸዋል። ከእነዚህ ሌላ በየሙሉ ጨረቃው ይሰበሰባሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው እወዳለሁ፤ እርሱ ግን አያየኝም። ጀማሪ ብሆንም በዊካ መንገድ ልቡን ወደ እኔ መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሕመምዎ ይሰማኛል። መልሱ ግን ከራሱ ከእምነቱ ሕግ ይመጣል። ቫሊየንቴ በ1964 በሕዝብ ፊት የተናገረችው፣ ዛሬም የዊካ ሥነ ምግባር መሠረት የሆነው ቃል «ማንንም እስካልጎዳህ ድረስ የወደድኸውን አድርግ» የሚል ነው። ብዙዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ዘልለው በሁለተኛው ይደሰታሉ፤ ሸክሙ ያለው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው። የአንድን ሰው ፈቃድ ሳያውቀው ለማጠፍ መሞከር በአብዛኞቹ የዊካ ተከታዮች ዘንድ ጉዳት ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚልኩት ነገር ሦስት እጥፍ ሆኖ ወደ ላኪው ይመለሳል ብለው የሚያምኑም አሉ። ስለዚህ የሚሠሩት ሥራ በእርስዎ በራስዎ ላይ እንዲሆን ይመክሩዎታል፦ ድፍረት ለማግኘት፣ ወይም ሐዘኑን ለመተው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዚያ ሰው እስካሁን በቃልዎ ካልነገሩት አስቀድመው ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ማኅበር ውስጥ መግባት ግዴታ ነው? አንድ ቡድን ለመቀበል ገንዘብ ጠይቆኛል።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። በጋርድነርና ከእርሱ በኋላ ሌላ የዊካ ወገን በመሠረተው በእንግሊዛዊው አሌክስ ሳንደርስ ወገኖች ኮቨን በተባለው አነስተኛ ማኅበር፣ ሦስት ደረጃ ባለው ቅበላ ብቻ ይገባል፤ ጠያቂው በልማድ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይጠብቃል። በተለይ ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ግን ብቻቸውን የሚያመልኩ በርክተዋል። በእነዚህ ነባር ወገኖች ለቅበላ ገንዘብ መቀበል የተከለከለ ነገር ስለሆነ የጠየቀዎትን ቡድን ይተዉት። የሚያቻኩልዎ፣ ከቤተሰብ የሚለይዎ፣ ልብስ ማውለቅን ወይም ሩካቤን የመግቢያ ዋጋ የሚያደርግ ሰው ካጋጠመዎት ደግሞ ሳያመነቱ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ምንም ዕቃ የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከደብተር። ተከታዮቹ ሥርዓታቸውንና ያዩትን የሚጽፉበት፣ የጥላዎች መጽሐፍ የሚባል የግል መዝገብ አላቸው፤ ለመጀመሪያው ወር ሌላ ዕቃ አያስፈልግዎትም። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው ያሉትን 29 ቀን ተኩል ገደማ በየዕለቱ ወጥተው ሰማዩን ይመልከቱ። ጨረቃዋ በየት በኩል እንደታየች፣ ምን ያህል እንደሞላች ወይም እንደጎደለች፣ እርስዎም በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማዎት ሁለት ሦስት መስመር ይጻፉ። ከሙላቷ በኋላ በየዕለቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምሽት ላይ ቢፈልጓት አያገኟትም፤ ጎህ ከመቅደዱ በፊት ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ይመልከቱ፣ እንደ ማጭድ ቀጥና ከአድማሱ በላይ ትጠብቅዎታለች።