ሁለት ብሎን ወይስ ሦስት ብሎን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በሥራ ቀን በሳይክል ቢሮ እመላለሳለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ ድረስ እንነዳለን። እነሱ ሁሉም ጫማው ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈውን ዓይነት ገጥመዋል፣ በተራ ፔዳል የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ላስመጣ አስቤ ነበር፤ ግን አንዱ ሁለት ብሎን ይሻልሃል ይለኛል፣ ሌላው ሦስት። እውነቱን ለመናገር መውደቁንም ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከፍርሃቱ እንጀምር። አንዴ ወይ ሁለቴ መውደቅህ አይቀርም። እኔ የወደቅኩት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው። ሳይክሉ ቆሟል፣ እግሬ እንደተቆለፈ ነው፣ አጠገቤ ሙሉ ሚኒባስ ሰው ያየኛል፣ ቀስ እያልኩ ዘንበል፣ ዘንበል፣ ከዚያ ዷ! ረዳቱ «አይዞህ ባለ ሳይክል!» ብሎኝ ሄደ። ከክርኔ ይልቅ የተላጠው ክብሬ ነው።

ለአንተ ሁለት ብሎን ነው የምለው። እሱ የሳይክል ዕቃ አምራቹ የሺማኖ ኤስፒዲ የሚባለው ነው። ከጫማው ሥር በሁለት ብሎን የምትታሰረው ብረት፣ ክሊት ይሏታል፣ ትንሽ ናት፤ ሶሉ ውስጥ ገባ ብላ ስለምትቀመጥ እንደ ሰው ትራመዳለህ። ፔዳሉም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ፊቱ ስለሚቆልፍ መብራት ሲለቅ ጎንበስ ብለህ ፊቱን አትፈልግም። ባለ ሦስት ብሎኑ፣ ሉክ የሚባለው ኩባንያና የሺማኖው ኤስፒዲ ኤስኤል፣ የውድድር ዕቃ ነው። ሰፊ ስለሆነ እግር ላይ ደልደል ይላል፣ ያንን አልክድም። ግን ክሊቱ ከሶሉ ወጣ ያለ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፤ ሱሉልታ ሻይ ልትጠጣ ስትወርድ እንደ ዳክዬ ነው የምትሄደው፣ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

የለም፣ ሦስት ብሎን ካልሆነ ካልክ የክሊቱን ቀለም ልብ በል። ክሊቱ እግርህ ሳይወጣ ስንት ዲግሪ እንደሚወዛወዝ የሚነግርህ ቀለሙ ነው። የሺማኖ ኤስፒዲ ኤስኤል ቀይ 0፣ ሰማያዊ 2፣ ቢጫ 6 ዲግሪ ነው። ሉክ ኬኦ በሚባለው የሉክ ክሊት ላይ ግን ጥቁሩ 0፣ ግራጫው 4.5፣ ቀዩ 9 ዲግሪ ነው። አየህ ጉዱን? አንዱ ጋ ቀይ ማለት ድርቅ ያለ፣ ሌላው ጋ በጣም ልል። ለጀማሪ ጉልበት ልሉ ይሻላል፣ ስለዚህ ለእህትህ «ቀዩን አምጪልኝ» ብቻ ብለህ እንዳትልክ።

ከፔዳሉ በፊት ጫማው ይወሰን፤ ባለ ሁለት ቀዳዳ ጫማ ሦስት ብሎን አይቀበልም። ኤስፒዲ ከመረጥክ ኤስኤች 56 የሚባለውን ክሊት ለብቻው አስገዛ፤ ከፔዳሉ ጋር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ኤስኤች 51 ነው፣ እሱ የሚለቅህ ተረከዝህን ወደ ጎን ስታዞር ብቻ ነው፣ 56 ግን ደንግጠህ ወደ ላይ ብትመነጭቀውም ይለቅሃል። ፔዳሉ ላይ ያለችውን፣ መቆለፊያውን የምታጠብቅና የምታላላ ትንሽ ብሎን ደግሞ ነቅለህ ሳታወጣት መጀመሪያ ላይ ላላ አድርጋት። ስትገጥም የግራው ፔዳል በተቃራኒ እንደሚጠብቅ አትርሳ፣ በጉልበት የተበላሸ ጥርስ ስንት አይቻለሁ። ከዚያ ግቢህ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈህ ሃምሳ ጊዜ አስገባ፣ አውጣ፤ ቢሮ በእሱ መሄዱ ለሳምንት ይቆይ።