ጌሙ ይንቀራፈፋል? ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጂቢ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ያለው የኢንቴል ብቻ ነው። ጂቲኤ 5 ስከፍት ይንቀራፈፋል። ሴቲንጉን ሁሉ ሎው አደረግኩት፣ ያው ነው። ምን ላድርግ?

ሁሉንም በአንዴ ሎው ስታደርግ የቱ እንደጠቀመህ አታውቅም፤ የሚያምረውንም የማይጠቅመውንም አብረህ ነው የጣልከው። መጀመሪያ ሬዞሉሽኑን (ምስሉ የሚሳልበትን የነጥብ ብዛት) ብቻ ቀንስ። 1920 በ1080 ላይ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል (ነጥብ) ይስላል፤ 1280 በ720 ላይ 921,600 ብቻ። ከግማሽ በታች ማለት ነው።

ከቀነስክ በኋላ ጌሙ ፈጠነ? እንግዲያው ችግሩ ግራፊክሱ ነበር። ሻዶውን (ጥላውን)፣ ኤምኤስኤኤን (የነገሮችን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን) እና የሣሩን ጥራት ዝቅ አድርግ፤ በተለይ ሣሩ ከጌሙ ከተማ ከሎስ ሳንቶስ ወጥተህ ተራራው ላይ ስትደርስ ጉድ ያደርግሃል። ምንም ካልተለወጠ ግን የደከመው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያኔ የሕዝብ ብዛቱንና የርቀት እይታውን ነው መቀነስ ያለብህ። ሻዶው ላይ ብትለፋ ብዙም አታገኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የኢንቴሉ ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። 8 ጂቢው አንድ ነጠላ ራም ከሆነና ሁለተኛ ማስገቢያ ካለው፣ ተመሳሳይ ራም ብትጨምርበት ለውጡ ከየትኛውም ሴቲንግ ይበልጣል። ስትጫወት ቻርጀሩ ይሰካ፤ በባትሪ ላይ ማሽኑ ራሱን ያዳክማል። ደግሞ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ነዋሪ ነህና ልገምት፦ አልጋ ላይ ሆነህ ላፕቶፑን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጠህ ነው የምትጫወተው? የአየር መግቢያው ብዙ ጊዜ ከሥር ነው፣ እየደፈንከው ነው። ጠንካራ ካርቶን ወይም ጣውላ ከሥሩ አድርግ።

ከሸዋ ሮቢት፣ የጌም ቤት ባለቤት፦ ኮምፒውተሮቼ ጠዋት ደህና ናቸው። ከሰዓት በኋላ ይንተፋተፋሉ። ቫይረስ ይሆን?

ቫይረስ ሰዓት መርጦ አይመጣም፤ እኔ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። የእርስዎ ከተማ ቆላ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ብዙ ማሽን አብሮ ይተነፍሳል። ኃይሉን አጥፍተው ይክፈቱት፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በንፋስ ያስወጡ። ንፋሱን ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፣ እንዲሁ ማሽከርከሩ ሊጎዳው ይችላል። ዓመታት የቆየ ማሽን ከሆነ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ይቀየርለት።

ከዚያ በየጌሙ የፍሬም ገደቡን በሰከንድ 60 ላይ ያድርጉት። ስክሪኑ 60 ኸርዝ ከሆነ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ) ከዚያ በላይ አያሳይም፤ ገደብ የሌለው ጌም ግን ሜኑው ላይ ቆሞ እንኳ 200 ፍሬም እየሳለ ማሽኑን በከንቱ ያግለዋል። መብራቱንም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ከዓለም ከተማ፦ ፍሬሙ ከ35 እስከ 60 ይዘላል። እንዴት ላረጋጋው?

30 ላይ ቆልፈው። በ60 አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚቆየው፣ በ30 ደግሞ 33.3፤ ዓይንህን የሚያደክመው በሁለቱ መሃል መዋዠቁ ነው። የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣ ሹፌር በአንድ ማርሽ ረግቶ ነው የሚወጣው። ተኩስ ያለበት የውድድር ጌም ከሆነ ግን አትቆልፈው፤ እዚያ ምስሉን አስቀያሚ አድርገህም ቢሆን ፍሬም ማብዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከደብረ ሲና፦ «ጌም ቡስተር» የሚባለውን ልጫን?

አትጫን። ብዙዎቹ የሚሠሩት ክፍት ፕሮግራሞችን መዝጋት ነው፣ ያንን በእጅህ ትችላለህ። ብሮውዘሩን ዝጋ፣ በቃ። ኤስኤስዲም (ፈጣኑ የማከማቻ ዲስክ) ቢሆን ጌሙ ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል እንጂ ፍሬም አይጨምርልህም።

ከመሐል ሜዳ፦ ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ሻጩ «4 ጂቢ ግራፊክስ አለው» ይለኛል። እንዴት ላረጋግጥ?

ገንዘብ ሳትከፍል ታስክ ማናጀርን ክፈት፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ነካ አድርግና ጂፒዩው (የግራፊክስ ቺፑ) ጋ ሂድ። እዚያ ያለው ኢንቴል ብቻ ከሆነ፣ 4 ጂቢው «ሼርድ» ከሚለው ላይ የተነበበ ነው፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ የራሙን ግማሽ በዚያ ስም ያሳያል። 8 ጂቢ ራም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ እንዲህ «4 ጂቢ ግራፊክስ» ሊባል ይችላል። ኤንቪዲያ የሚል ሁለተኛ ጂፒዩ ካለ «ዴዲኬትድ» (የካርዱ የራሱ) የሚለውን ቁጥር ተመልከት፣ ዋጋ የሚከፈልበት እሱ ነው። ከገዛህ በኋላም ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብለህ ገብተህ ጌሙን «ሃይ ፐርፎርማንስ» ላይ አድርገው። አለበለዚያ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ኢንቴሉ ሲለፋ ልታገኘው ትችላለህ።