የሳይበር ደህንነት አመራር ዶክትሬት በኦንላይን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዓላማዬ የድርጅት የደህንነት ኃላፊ መሆን ነው። ፒኤችዲ ይሻለኛል ወይስ የሙያ ዶክትሬት?

መልስ፦ የሙያ ዶክትሬት። ፒኤችዲ ለዘርፉ አዲስ ዕውቀት እንዲጨምሩ ይጠይቃል፤ የሙያ ዶክትሬት ደግሞ በሥራ ላይ ያለ ችግርን በምርምር ዘዴ እንዲመረምሩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ግን ፒኤችዲውን ቢይዝ ይሻለዋል። ለደሞዝ ጭማሪ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም አልመክርም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤቱ «በአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ የተሰየመ የልህቀት ማዕከል ነን» ይላል። ይህ እውቅና ነው?

መልስ፦ አይደለም። ስያሜው ጥሩ ምልክት ነው፤ የተቋም እውቅናን ግን አይተካም። እውቅናውን በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የመረጃ ቋት በራስዎ ያረጋግጡ። ስያሜው ራሱ ዓይነት አለው፦ ለዶክትሬት ተማሪ የሚጠቅመው የምርምር ማዕከልነቱ ነው። ዲግሪውን በሌላ አገር የሚጠቀሙበት ከሆነ፣ የዚያ አገር አካል ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የተገኘ ዶክትሬት ይቀበል እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዶክትሬቱ ለሲአይኤስኤስፒ (ለመረጃ ደህንነት ባለሙያዎች የሚሰጥ የሙያ ማረጋገጫ) የሚጠየቀውን የሥራ ልምድ ይተካልኛል?

መልስ፦ አይተካም። 5 ዓመት ይጠየቃል፤ ትምህርት የሚቀንሰው ቢበዛ 1 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛሌ ጸድቋል። ለ200 የደህንነት ኃላፊዎች መጠይቅ ልኬ የመለሱልኝ 9 ብቻ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙዎች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው። የማያውቁት ሰው ሊንክ ያለበት ኢሜይል ልኮ «ስለ ድርጅታችሁ ደህንነት ንገሩኝ» ሲላቸው፣ ሠራተኞቻቸውን እንዳይከፍቱ የሚያሠለጥኑበት ፊሺንግ (የማታለያ ኢሜይል) ማለት እኮ ነው! መጀመሪያ ሊንክ የሌለው አጭር መልእክት ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ ይላኩ፤ የአማካሪዎን ስምና የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃዱን ቁጥር ይጥቀሱበት። ከተቻለ በሙያ ማኅበር በኩል ይለፍ።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹን ይዩ። «ስንት ያልተዘጋ ተጋላጭነት (አጥቂ ሊገባበት የሚችል የሲስተም ክፍተት) አላችሁ?» ለሚል ማንም አይመልስም። «ተጋላጭነት በስንት ቀን ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?» ቢሉ ግን ምስጢር አልጠየቁም፤ የአመራር ጥናት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የመልእክቱንና የመጠይቁን ማሻሻያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሳያጸድቀው አንድም መጠይቅ አይላኩ፤ ያለ ፈቃድ የተሰበሰበ መረጃ ከጥናቱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ናሙናው ስንት መሆን አለበት?

መልስ፦ እንደ ትንተናው ነው። የሁለት ቡድኖችን አማካይ በቲ-ቴስት ለማነጻጸር፣ መካከለኛ የልዩነት መጠን (0.5)፣ የ0.05 የጉልህነት ደረጃና 80 በመቶ ስታቲስቲካዊ ኃይል (ልዩነቱ በእውነት ካለ የማግኘት ዕድል) ከተያዘ በየቡድኑ 64፣ በድምሩ 128 ሰው ያስፈልጋል። ይህን ስሌት ፕሮፖዛል ሲጽፉ እንጂ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ አይሥሩት። 128 ኃላፊ የማያገኙ ከሆነ ወደ ቃለ መጠይቅ መዞር ይቻላል፤ ያኔ ግን የምርምር ጥያቄውም አብሮ ይለወጣል።

ሌላው መንገድ ሰው ሳይጠይቁ መሥራት ነው፤ በበኩሌ የምመርጠውም ይህንን ነው። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ቦርዱ የሳይበር ስጋትን እንዴት እንደሚከታተልና የአስተዳደሩ ድርሻ ምን እንደሆነ በዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ ይገልጻሉ። ሰነዱ ኤድጋር በተባለው የኮሚሽኑ የኦንላይን ሰነድ ቋት ላይ በነጻ ይገኛል። አንዱ ደካማ ጎኑ ጽሑፉን የሕግ ባለሙያዎች ስለሚያለሳልሱት የኩባንያዎቹ አገላለጽ መመሳሰሉ ነው፤ ጽሑፎቹን የሚመድቡበትን የመለያ መስፈርት አስቀድመው በጥቂት ሪፖርቶች ላይ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ከሙሉ ጊዜ ሥራ ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ ኮርሱ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ የማስረከቢያ ቀን አለው። ችግሩ ኮርሱ አልቆ መመረቂያ ጽሑፉ ሲጀመር ነው፦ ቀን የሚቆርጥልዎ የለም፣ ክፍያው ግን በየተርሙ ይቀጥላል። ከመመዝገብዎ በፊት በጽሑፍ የሚጠይቁት፦ በጽሑፉ ወቅት የተርም ክፍያው ስንት ነው? ለማጠናቀቅ የተፈቀደው ጊዜ ስንት ዓመት ነው? አማካሪ ረቂቅ በስንት ቀን የመመለስ ግዴታ አለበት? አማካሪው ቢለቅ ማን ይተካል?