ሚዛኑን ከመውቀሳችሁ በፊት

ላብራቶሪ አዲስ የገባችሁ ልጆች፣ ሰሞኑን የሁላችሁም ጥያቄ አንድ ሆኗል። «ጋሼ፣ ቁጥሩ አልቆም አለ፤ ካሊብሬት ላድርገው?» (ልኩ በሚታወቅ ክብደት ላስተካክለው ማለታችሁ ነው።) ቆዩ እስቲ። መጀመሪያ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ እዩት።

እያደር ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚዛኑ አይደለም። የጣናን ውሃ አጣርታችሁ ደለሉን ልትመዝኑ ነው እንበል፤ ፊልተር ወረቀቱን ከ103 እስከ 105 ዲግሪ አድርቃችሁታል። ደረቅ ወረቀት እርጥበት ይስባል፣ የባሕር ዳር የክረምት አየር ደግሞ እርጥበት አይነፍገውም፤ እናንተ እያያችሁት የመጨረሻው አሃዝ ቀስ እያለ ይጨምራል። ትኩሱን ከመዘናችሁት ሌላ ጣጣ አለ። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ዕቃውን ያቀለዋል፣ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ ይመለሳል። ስለዚህ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባው ባለ ክዳን ዕቃ) ውስጥ በደንብ ይቀዝቅዝ። እዚያ ውስጥ እርጥበት የሚስበውን ፍሬ፣ ሲሊካ ጄሉንም እዩት፤ ሰማያዊው ሮዝ ከሆነ ጠግቧልና ኦቨን ገብቶ ይድረቅ። (ለጌጥ የተቀመጠ የሚመስለው ሰው አይጠፋም።)

ወዲያ ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ነፋስ ወይም ንዝረት ጠርጥሩ። ከሐይቁ የሚነፍሰው አየር ለእኛ ደስ ይላል፣ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ለሚያሳይ ሚዛን ግን ጠላት ነው። መስኮቱን ዝጉ፣ ቬንቲሌተሩን አጥፉ፣ የሚዛኑንም የመስታወት በር አትርሱ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የፕላስቲክ ዕቃ ስታቲክ (በፍትጊያ የሚመጣ ኤሌክትሪክ) ይይዛል፤ በብርጭቆ ወይም በብረት ሞክሩት።

መብራት ሄዶ ከመጣም ወዲያው አትመዝኑ። መመሪያው የሚለውን ያህል ይሙቅ።

አሁን ወደ ካሊብሬሽን። አዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ እንደገና መስተካከል አለበት። ባሕር ዳር ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትልና ከምድር ወገብም ትንሽ ስለምትርቅ ስበቱ በጥቂቱ ይበረታል፤ 100 ግራሙ ወደ 20 ሚሊግራም ገደማ ጨምሮ ሊያሳያችሁ ይችላል። ጠረጴዛ ስትቀይሩም እንዲሁ። ግን ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ እግሮቹን እያዞራችሁ የውሃ ልኩን አረፋ መሃል አድርጉ፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ። መለኪያ ክብደቱን በባዶ እጅ አትንኩ፣ የጣት ላብም ይመዘናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያው ክብደት በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ሌላ ቁጥር ከሰጠ፣ ወይም መሃልና ጠርዝ ላይ ከተለያየ፣ ነገሩ የቴክኒሻን ነው። ቁጥሮቹን መዝገብ ላይ ጻፉለት። እስኪመጣ ሚዛኑ ላይ «አይሠራም» ብላችሁ ለጥፉ፤ አለበለዚያ የማታ ተረኛው ይመዝንበታል።