ከወንድ ጋር መንታ የተወለደች ጊደር ለምን ኮርማ አትፈልግም?

ጥያቄ፦ «ላሜ መንታ ወለደች፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት። እኩል ጠቡ፣ እኩል በሉ፣ እኩል አደጉ። ወንዱ ፈርጥሟል። ሴቷ ግን ሁለት ዓመት አልፏት አንድም ቀን ኮርማ ስትፈልግ አላየኋትም። ኮርማም አጠገቧ ቢደርስ ዞር ብሎ አያያትም። መርፌ ላስወጋት ወይ? ደግሞ የልጄ ልጆች ወንድና ሴት መንታ ናቸው። አንድ ጎረቤት ጊደሯን አይቶ "የእናንተም ልጅ እንዲሁ ሳትወልድ ትቀራለች" ብሎ ቤተሰቡን አስደነገጠ። እውነት ነው?»

መልስ፦ እንቅልፍ የሚነሳው ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እውነት አይደለም። የልጅ ልጅዎ መንታ ወንድም ስላላት ብቻ መካን አትሆንም። ለምን እንደማትሆን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ጊደሯን ማየት ይሻላል።

ስለ ጊደሯ የምነግርዎ ደስ አይልም። ከወንድ ጋር መንታ ሆነው ከሚወለዱ 100 ጊደሮች ውስጥ ከ90 በላይ የሚሆኑት መሲና፣ ማለትም መውለድ የማይችሉ ናቸው። በሙያው ፍሪማርቲን ይባላሉ። የእርስዎም ከእነሱ አንዷ ሳትሆን አትቀርም። ጥፋቱ የመኖ አይደለም፣ የአያያዝም አይደለም። ነገሩ ያለቀው ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው።

ላም መንታ የምታረግዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል በአንድ ላይ ስለለቀቀች ነው። ስለዚህ ፅንሶቹ የየራሳቸው ናቸው፤ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። ጾታውን የሚወስነው የኮርማው ዘር ነው። ኤክስ ክሮሞዞም ይዞ የመጣው ሴት፣ ዋይ ይዞ የመጣው ወንድ ያስወልዳል። እስከዚህ ድረስ ሰውም ከብትም አንድ ነው።

ልዩነቱ እንግዴ ልጁ ላይ ነው። የከብት እንግዴ ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ በማህፀኑ ውስጥ እየረዘመ ይዘረጋል። መንታ ሲሆኑ የሁለቱ ይገናኝና ይጣበቃል። በእርግዝናው ከ30ኛው እስከ 40ኛው ቀን አካባቢ የደም ስሮቻቸው ጭምር ይያያዛሉ። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ደም በሌላው ሰውነት ይዞራል።

እዚህ ላይ ወንዱ ይቀድማል። የሴቷ እንቁልጢ (እንቁላል የሚያመነጨው አካል) ገና መልክ ሳይዝ የእሱ ቆለጥ መሠራት ይጀምራል። ማንኛውም ፅንስ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ መጀመሪያ ላይ ማህፀን ሊሆን የሚችል ቱቦ አለው። የወንዱ ቆለጥ ታዲያ ይህን ቱቦ የሚያከስም ሆርሞን ያመነጫል፤ ለእሱ ማህፀን ምን ያደርግለታል? ችግሩ ሆርሞኑ እዚያው አይቀርም። በጋራው ደም ተሻግሮ እህቱ ጋ ይደርሳል፤ እዚያም ያንኑ ሥራውን ይሠራል። የእሷ ማህፀን ይቀጭጫል፣ ወይም ጭራሽ ሳይሠራ ይቀራል። እንቁልጢዋም ይመነምናል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ቆለጥ ቆለጥ የሚመስል ነገር ይሆናል።

የውጪው ብልት ግን የሚሠራው ከሌላ የአካል ክፍል ስለሆነ የሴት መልኩን ይዞ ይወጣል። ባለቤቱን ጉድ የሚሠራው ይሄ ነው። በር አላት፣ ጓዳ የላትም።

ይህን ጉዳይ ጆን ሀንተር የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1779 ጽፎበታል። መነሻው የጋራው ደም ነው የሚለውን ማብራሪያ ያመጣው ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሊሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1916። እ.ኤ.አ. በ1945 ሬይ ኦወን የተባለ ተመራማሪ ሌላ አስገራሚ ነገር ጨመረ። መንታ ጥጆች ደም ውስጥ የሁለቱም የደም ሴሎች ተደባልቀው አገኘ፤ ድብልቁም ካደጉ በኋላ አብሯቸው ይኖራል። ቀጥሎ ተመራማሪው ፒተር ሜዳዋርና ባልደረቦቹ የአንዱን መንታ ጥጃ ቆዳ ቆርጠው ሌላው ላይ ሲተክሉት፣ ወንድና ሴት እንኳ ቢሆኑ፣ ሰውነቱ ሳይጥለው ተቀበለው። የሰውን አካል ከሰው ወደ ሰው ለመትከል በተደረገው ጥናት ውስጥ የጥጆች ድርሻ ቀላል አይደለም። ሜዳዋር በዚሁ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1960 ኖቤል ተሸልሟል።

ወደ ልጅ ልጆችዎ እንመለስ። በሰው ወንድና ሴት መንታ ሲረገዙ ለየራሳቸው እንግዴ ልጅ አላቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ቢጣበቁ እንኳ የደም ስሮቹ አይያያዙም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የወንዱ ሆርሞን መሻገሪያ የለውም። ጎረቤትዎ ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ያየውን ነው የተናገረው። ግን ከላም ተነስቶ ስለ ሰው መፍረድ አይሆንም።

በግና ፍየልም መንታ መውለድ ልማዳቸው ነው፤ ሆኖም እነሱም ላይ ይህ ነገር የሚከሰተው ከስንት አንዴ ነው። ፍየል ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ቀንድ የለሽ ሆና የተፈጠረች ፍየል ቀንድ የለሽ በሆነ ወጠጤ ከተጠቃች፣ ከሴት ግልገሎቿ አንዳንዶቹ ወንድም ሴትም ያልሆነ መልክ ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ። ከሁለቱ አንዱ ቀንዳም ይሁን።

አሁን ጊደሯን ከኋላዋ ሆነው ይመልከቷት። ብልቷ ከእኩዮቿ ያንሳል? ከታችኛው ጫፉ ላይ ረዘም ያለ ጠንካራ ፀጉር ተሰብስቦ ይታያል? ቂንጥሯ ወጣ ያለ ነው? ጡቶቿ እንደ ጥጃ ትንንሽ ሆነው ቀርተዋል? እነዚህ ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ባይታዩም ግን ነጻ ናት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከውጪ ሲያዩዋቸው ምንም አይታይባቸውም።

ቁርጡን የሚነግርዎ የእንስሳት ሐኪም ነው። በዚህ ዕድሜዋ በፊንጢጣዋ በኩል እጁን አስገብቶ ማህፀኗን ይዳስሳል። መሲና ከሆነች የሚያገኘው ቀጭን ክር መሳይ ነገር ነው፣ ወይም ምንም። ጥጃ ሳለች ቢሆን ደግሞ ጫፉ ዱልዱም የሆነ፣ ንጹሕና የተቀባ ቱቦ በብልቷ ቀስ ብሎ በማስገባት ይለያል። ጤነኛዋ ጥጃ ላይ 12 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲገባ፣ መሲናዋ ላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ሄዶ ይቆማል። እባክዎ ይህን ራስዎ በእንጨት አይሞክሩት፤ ያቆስሏታል። የደም ምርመራ ካለም የወንዱ ክሮሞዞም ደሟ ውስጥ መኖሩን ያሳያል።

መርፌውን ይተውት። የሆርሞን መርፌ ያለውን ይቀሰቅሳል እንጂ የሌለ ማህፀን አይሠራም። እኔ ብሆን መሲናነቷ እንደተረጋገጠ ለሥጋ አደልባት ነበር። በደንብ ትሰባለች። ከሸጧት ግን ለሥጋ ብለው ይሽጧት፤ ለእርባታ ነው ብሎ ለሌላ ገበሬ መስጠት ግፍ ነው። እርስዎም ጊደር ሲገዙ መንታ መሆኗን ይጠይቁ። ብቻዋን የተወለደችም አልፎ አልፎ እንዲህ ልትሆን ትችላለች፤ ወንዱ ደማቸው ከተገናኘ በኋላ ሞቶ ሳይታይ ከቀረ።

ወንዱ ወይፈን ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም። ለአጥቂ ኮርማነት ካሰቡት ግን ዘሩን አስቀድመው ያስመርምሩ። እናቲቱን በዚህ ምክንያት አይሽጧት። ዳግም መንታ ብትወልድ የእንግዴ ልጅ መዘግየት በመንታ ወላዶች ላይ ስለሚበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልወደቀላት ሐኪም ይጥሩ፣ አይጎትቱት።

ጊደሯ ከጥቂቶቹ እድለኞች መካከል ሆና ማህፀኗ ሙሉ ሆኖ ከተገኘስ? ያን ጊዜ ጥያቄው የመኖና የክትትል ይሆናል። መኖዋን ያሻሽሉ፤ ጠዋት በማለዳና ማታ ለየት ባለ ትኩረት ይከታተሏት። ድራት (ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) በየ21 ቀኑ ገደማ ይመጣል፣ የሚቆየውም ከአንድ ቀን በታች ነው፤ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ሊሄድም ይችላል። ሌላ ከብት ሲወጣባት ቀጥ ብላ ከቆመች ደርታለች። ጠዋት ካዩባት ማታ፣ ማታ ካዩባት በማግስቱ ጠዋት ያስዳቅሏት።