ለአረጋውያን ምግብ ስታመጡ፦ ጠይቁኝ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ነኝ። በዓል ሲደርስ አገልግሉና ምሳ ዕቃው ይበዛል፤ ጥያቄውም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ዶሮ ወጥ ከሜክሲኮ በታክሲ ይዤ ብመጣ ይበላሻል?

መልስ፦ እየተንተከተከ ሳለ ምንም አይሆንም፤ ጣጣው ከምድጃ ሲወርድ ይጀምራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ስለዚህ ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ይበላ። የታክሲ ሰልፉም ይቆጠራል! ማታ ከሠሩት በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው ፍሪጅ ያሳድሩት፤ በትልቅ ድስት ካደረ መሃሉ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ቀዝቃዛውን ቶሎ ያድርሱልን፤ እስኪንተከተክ እናሞቀዋለን። አጥንቱን ግን ቤት አውጥተው ይምጡ።

ጥያቄ፦ አባቴ ክትፎ ይወዳሉ። ለብለብ ቢሆንስ?

መልስ፦ ለብለብም መሃሉ ጥሬ ነው። የኮሶ ትል አለ፣ ባክቴሪያም አለ፤ ወጣት በአንድ ቀን ተቅማጥ የሚገላገለው ነገር የ80 ዓመት ሰው ሆስፒታል ያስተኛል። በደንብ አብስለው ያምጡላቸው። ከተቆጡ በእኔ ያሳብቡ።

ጥያቄ፦ ከገጠር የተላከ እርጎና አይብስ?

መልስ፦ ወተቱ ካልፈላ ይቅር። አይብ ሲሠራ ቢሞቅም ብዙውን ጊዜ አይፈላም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል።

ጥያቄ፦ ጎመን ይከለከላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይከለከልም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስዱ ሰዎች ግን የሚበሉት የጎመን መጠን መለዋወጥ የለበትም፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ድፎ ዳቦና ቆሎ?

መልስ፦ ዳቦው ለመዋጥ ለማይቸገር ሰው ግድ የለም። ቆሎ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አጠገብ ያሉትን እናት ሳላጎርስ መሄድ ይከብደኛል።

መልስ፦ ይገባኛል፤ እኔም ይከብደኛል። ግን መጀመሪያ እኛን ይጠይቁ። ስኳር ይኖርባቸዋል፣ ወይም ትን ይላቸዋል። እጅዎንም በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ የተረፈውን እናቴ ዘንድ ብተወውስ?

መልስ፦ ስምና ቀን ጽፈው ለእኛ ይስጡን እንጂ ኮሜዲኖ ውስጥ አይተዉት። አንድ ጊዜ አልጋ ሳነጥፍ ከአንዲት እናት ትራስ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የዶሮ ብልት አገኘሁ፤ ሦስት ቀን ሆኖታል። ልወስደው ስል እጄን ያዙኝ። «ተዪው፤ ልጄ ሲመጣ ይርበዋል» አሉኝ። ልጃቸው አሁን ሲመጣ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ አብሯቸው ይበላል፣ ዕቃውን አጥቦ ይሄዳል።